ቅዱለት፤ ከዚያ አውጡት!

ከባንኮኒው ጀርባ ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን የተለጠፉበት መጠጥ ቤት ብዙ ነው። አንዱ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ይላል። ሌላው «ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይሞክሩ»። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቧቸው የቤቱ ሕግ ይገባችኋል። ንጉሡ ንጉሥ የሚሆነው ብሩ እስኪያልቅ ነው። ሲያልቅ «የለም» ይባላል፤ ያውም ያለ አንዳች ይሉኝታ፣ በግድግዳ ላይ ተጽፎ። እንግዲህ እምቢ ማለት የማያውቅ ቤት የለም ማለት ነው። እኔን የሚገርመኝ፣ ለዱቤ እንዲህ ቆራጥ የሆነው ቤት የኪሱን አፍ ፈልጎ ላጣ ሰው ስድስተኛውን ደብል ሲቀዳ ምላሱ የሚተሳሰረው ለምንድን ነው?

እርግጥ ነው፣ እምቢ የሚባልበት ሰዓት አለ። ሰውየው ብርጭቆ ሲሰብር፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ፣ አስተናጋጇን ሲጎነትል። ያኔ ጋርዱ ይጠራል። ከአሥር ደቂቃ በፊት «ጌታዬ፣ ምን ይጨመር?» ሲባል የነበረው ንጉሥ በኮሌታው ተንጠልጥሎ ይወጣል። ቀድቶ ቀድቶ መወርወር! በመሐል ያለው ሥራ፣ ሰውየው ገና በእግሩ ቆሞ፣ ገና ሲነግሩት በሚሰማበት ሰዓት «ለዛሬ ይብቃዎት» ማለት፣ ባለቤት የለውም። ሙያው ግን እሱ ነው። መወርወርማ ጡንቻ ያለው ሁሉ ይችላል።

ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ቤት ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ጎልማሳ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ውስኪ ይደግማል፣ ይደግማል። ድምፁ ከሙዚቃው በልጧል። አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ በዝግታ «ጋሼ፣ ትንሽ የሚቀመስ ነገር ላምጣልዎ? ውኃስ?» አለችው። «አንቺ የመጠጥ ቤት ሠራተኛ ነሽ ወይስ ነርስ?» ብሎ አጨበጨበ። ቤቱ ሳቀ። ማናጀሩ እየሮጠ መጣና ልጅቷን አንድም ቃል ሳይጠይቅ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አዲስ ስለሆነች ነው» ብሎ ራሱ ቀዳለት። ሒሳብ ስከፍል ጠየቅኋት። «እሱ ሳይከፍል ቢወጣ ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው፤ ብከለክለው ደግሞ ጉርሻዬም ሥራዬም ይቀራል» አለችኝ። ሰውየው ሲወጣ ጋርዱ «ና! ና! ትንሽ ወደ ግራ!» እያለ መኪናውን አስወጣለት። ለዚህም አገልግሎት ጉርሻውን ተቀበለ።

እንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ሙያዋን የምታውቀው አንዲት ሴት ናት፤ የተዋረደችውም እሷው።

ሕጉስ? በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥ መሸጥ ተከልክሏል። ደግ አደረገ። 21 ዓመት ከሞላው አንስቶ ያለውን ግን ማን ይየው? እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የመጠጥ ፈቃድ ሕግ ለሰከረ ሰው እያወቁ መሸጥን ወንጀል አድርጎታል። ይህ ብቻ አይደለም፤ ለሰከረው ሰው መጠጥ የሚገዛለት ጓደኛም ይጠየቃል። «በሞቴ፣ አንድ ብቻ!» የምትሉ ሰዎች ይህችን ልብ በሏት። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ደግሞ፣ በግልጽ ለሰከረ ሰው ቀድቶ የሸኘ ቤት ሰውየው መንገድ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ካሣ ሊከፍል ይችላል። እዚያ አገር ሬስቶራንት የከፈቱ ወገኖቻችን ይህንን አሳምረው ያውቁታል።

«ቆሞ እየሄደ፣ ሰክሯል ብዬ በምን ልከልክለው?» የሚል ባለቤት አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ቆሞ እስኪሄድ አለመጠበቅ ነው። መጠጥ ሲጠጡት ወዲያው አይነካም። ሒሳብ ሲዘጋ የተጨለጠው የመጨረሻው ደብል ሥራውን የሚጀምረው መሪ ከተያዘ በኋላ ነው። ሰውነት አንዲት ቢራን ለማስወገድ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ቡና አያፋጥነውም፤ ፊት መታጠብም አያፋጥነውም። ጥብሱም የሚረዳው ቀድሞ ከተበላ ነው፤ ከሰከሩ በኋላ የሚደረብ ቁርጥ ሆድ ከመሙላት በቀር የሚመልሰው ነገር የለም። ስለዚህ ዓይን የሚያስፈልገው ቀደም ብሎ ነው፤ ትእዛዙ ሲፈጥን፣ ድምፅ ሲጨምር፣ ያንኑ ወሬ ሦስቴ ሲያወራ፣ ብር ቆጥሮ ሲሳሳት።

አነጋገሩም ይለመዳል። «ሰክረሃል» የሚለው ቃል ክብሪት ነው፤ አይጫርም። በጓደኞቹ ፊትም አይባልም። ጠጋ ብሎ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ ከዚህ በላይ መቅዳት አልችልም፤ ነገ በደህና ይምጡ» ማለት ይበቃል። ከዚያ ለባሬስታውም ለሌሎቹ አስተናጋጆችም ይነገራል፤ አለበለዚያ ከአንዷ የተከለከለውን ከሌላዋ ያዛል። ማናጀሩም ከልጅቷ ጀርባ መቆም አለበት። እሱ ከሌለ ከላይ ያልኩት ሁሉ ቀልድ ነው።

የጠላ ቤት እናቶች ይህን ያለ ሥልጠና ያውቁታል። ሁሉም አይደሉም፤ ቀድቶ መወርወር እዚያም አለ። ግን «አንተ ልጅ፣ ዛሬስ በዝቶብሃል፤ ሚስትህ እራት ይዛ ትጠብቃለች፣ ግባ» የሚሉ ነበሩ፣ አሉም። ካስቸገራቸው ጋኑ ሙሉ ሆኖ «አልቋል» ይላሉ። ሰውየው ያጉረመርማል፣ ይገባል፣ በማግስቱም ይመጣል። እሳቸው ሚስቱን ያውቋታል፤ ስትደበደብ ጩኸቷ ግድግዳ አልፎ ይሰማቸዋል። የዛሬው ላውንጅ ሚስቱን አያውቃትም፤ መንገድ ላይ የሚገጨውንም ሰው አያውቀውም። የሚያውቀው የጠረጴዛውን ቁጥር ነው።

ደግሞ ከልክሎ በር መዝጋት ብቻውን ሥራ አይደለም። የሰከረን ሰው በሌሊት አስፋልት ላይ መተው ለመኪናም ለኪስ አውላቂም አሳልፎ መስጠት ነው። ራይድ ይጠራለት፣ ጋርዱ አስገብቶ ይሸኘው። መኪናው ጊቢ ይደር። ቁልፉን ባንኮኒ አስቀምጦ የሄደ ሰው በማግስቱ ሲመጣ አንድ ማኪያቶ ይጋበዝ፤ ሒሳቡን ባለቤቱ ይቻለው።