«ፈዚ»፦ ብዥታን የምታሞካሽ ቅጽል

እንግሊዝኛ ድንበሩ ላልለየ ነገር ብዙ ቅጽሎች አሉት፤ እኔ የማደላው ለ«ፈዚ» (fuzzy) ነው። ከሚዳሰስ ነገር ትነሣለች፤ የኮክ ልጣጭ ላይ ያለውን ስስ ጸጉር ስንነካ ፍሬው የት ላይ እንዳበቃ ጣታችን በትክክል አይለይም። ከዚያ ወደ ደበዘዘ ፎቶ፣ ወደ ብዥ ያለ ትዝታ ትሻገራለች። ስድብ የላትም፤ ይሄ ነው ደስ የሚለኝ።

በባኩ የተወለዱት የበርክሌይ ፕሮፌሰር ሎትፊ ዛዴህ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ይህችኑ ቃል የሒሳብ ጽሑፍ ርእስ ላይ አወጧት። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 የሆነው «ረጅም» ከተባለ፣ በአንድ ሴንቲሜትር ያነሰው «አጭር» ሊባል ነው? ስለዚህ «ነው» እና «አይደለም» መካከል ያለውን ስፍራ ከ0 እስከ 1 በሚደርስ መጠን ለኩት። ቃሏ ለሳይንስ አትመጥንም ብለው ያፌዙ አልጠፉም። ጃፓኖች ግን በ1987 በሰንዳይ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ፍጥነቱንና ፍሬኑን በዚሁ ስልት እንዲቆጣጠር አደረጉት፤ ጥቂት ቆይቶም «ፈዚ» የሚለው ስም የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማሻሻጫ ሆነ። የተፌዘባት ቃል ዕቃ ስትሸጥ ማየት ብርቅ ነው!

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ለትዝታ፣ ለምስልና ለሐሳብ ያለ ስጋት ተጠቀሙባት፤ የውል አንቀጽን ወይም የባለሥልጣን መግለጫን ለመንቀፍ ስትጽፉ ግን ግልጽነት የጎደለውን የምትወቅሰው «ቬግ» (vague) ትሻላለች።