ከማግኖሊያ በፊት ብርብራ

ዲላ ላይ አዲስ ቤት ሠርቶ ግቢውን ማስዋብ የጀመረ ሰው፣ አንዳንዴ በስልኩ የማግኖሊያ ፎቶ ይዞ ይመጣና «ይህን አፍልልኝ» ይለኛል። አልፈርድበትም። እንደ ሰሐን የሰፋ ነጭ አበባ፣ በጋ ክረምት የማይረግፍ አብረቅራቂ ቅጠል ማን ይጠላል? የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ተወላጅ የሆነው ይህ ዛፍ እርጥበት ያለውና ጥቂት አሲዳማ የሆነ አፈር ይወዳል፤ ቀዩ የጌዴኦ አፈርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ «እዚህ አይበቅልም» ብዬ አልከራከርም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ከዘር የተነሣ ማግኖሊያ አበባ እስኪያሳይ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። የረገፈው ቅጠሉ እንደ ቆዳ ስለሚጠነክር ቶሎ አይበሰብስም። ሥር ከያዘ በኋላ መነካካት አይወድም፤ ከሥሩ ሌላ ነገር ልትተክል ስትቆፍር እሱን ታስቀይማለህ። ባጭሩ ብቻውን መኖር የሚፈልግ ዛፍ ነው። ጌዴኦ ውስጥ ደግሞ ብቻውን ለሚኖር ዛፍ የሚተርፍ መሬት የለም።

ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ የሚሄድ እንግዳ ግራና ቀኙን አይቶ ደን ውስጥ የገባ ይመስለዋል። የሰው ጓሮ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከእነሱ ዝቅ ብሎ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ መሬቱ ላይ ደግሞ ጎደሬው፤ ቤቱ ከመሀል ጭሱ ካልወጣ አይታይም። መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ከትክል ድንጋዮቹና ሽማግሌዎች ከሚጠብቋቸው የአምልኮ ደኖች ጋር ይህ በደርብ በደርብ የሚታረስ ጓሮም አብሮ ተመዝግቧል። የዓለም ቅርስ ውስጥ ገጀራ ይዞ መሥራት ትንሽ ያስፈራል፤ ግን ቅርሱን ያቆመው ገጀራው ነው።

ማግኖሊያ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እኔ የማሳየው ብርብራን ነው። ሐምራዊ አበባው በዘለላ በዘለላ ይንጠለጠላል፤ ንብ ሲሰፍርበት ከዛፉ ሥር ቆሞ መነጋገር ያስቸግራል። በተፈጥሮው የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። የሥነ ዕፀዋት ሰዎች የሰሜኑንና የደቡቡን ለይተው ሲመዘግቡ፣ የደቡቡ «ዳራሳና» ተባለ፤ ይህ አካባቢ በዚያን ጊዜ ደራሳ ይባል ነበርና። ነጭ አበባ ካልሆነ የሚል ካለ ዋንዛ አለለት። ሲያብብ አናቱ ሙሉ በሙሉ ይነጣል፣ ጣውላውም ወደር የለውም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከጠቀሳቸው አራት ዛፎች አንዱ ያደረገውም ይኸው ተፈላጊነቱ ነው። ለቡና ጓሮ ግን ምርጫዬ ብርብራ ነው።

ምክንያቱን ማየት የሚፈልግ ከትልቁ ዛፍ ሥር በራሱ የበቀለ አንድ ችግኝ ከነአፈሩ ቀስ ብሎ ይንቀል። ሥሩ ላይ ትናንሽ እብጠቶች ያገኛል። አንዱን በጥፍሩ ቢሰነጥቀው ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ፣ በእብጠቱ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ለዛፉ ምግብ እያደረጉ ነው። ቅጠሉ ሲረግፍ ያው ናይትሮጅን ወደ ቡናው ሥር ይወርዳል፤ እንደ ማግኖሊያ ቅጠል ሳይሆን ቶሎ ይበሰብሳል። ማዳበሪያ በተወደደበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዘሩ ብዙ አያለፋም። ዘሩን የያዘው ቅርፊት ሲደርቅ በራሱ ጊዜ ጧ ብሎ ይሰነጠቅና ፍሬውን ራቅ አድርጎ ይበትናል፤ ስለዚህ ከመፈንዳቱ በፊት መልቀም ነው። ትኩስ ዘር ለአንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ቢያድር ይበቃዋል። ዘሩን ነቀዝ ስለሚወደው ለከርሞ ማስቀመጥ አያዋጣም። ልጆች እንዳይጫወቱበት መጠንቀቅ ግን ግድ ነው፦ የተፈጨ የብርብራ ፍሬ ውኃ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ያደነዝዛል፤ ድሮ ዓሣ የሚጠመደውም በእሱ ነበር። ግቢው ውስጥ የዓሣ ኩሬ ያለው ሰው ከኩሬው ያርቀው።

ዋናው ሙያ ያለው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ብዙ ሰው ብርብራ ተክሎ ይተወዋል፤ ከዓመታት በኋላ ከሥሩ ያለው ቡና ቅጠል ብቻ ሆኖ ፍሬ ሲነሣው ዛፉን ይወቅሳል። ጥላ ይለካል። በጋ ላይ ቡናው ፀሐይ እንዳይመታው ጥላው ያስፈልጋል፤ ዝናብ ሲገባ ደግሞ አየር ካልተዘዋወረ እርጥበቱ የቡናውን ፍሬ ለሚያጠቁረው በሽታ ይመቻል። ስለዚህ እኔ ቅርንጫፍ የማሳሳው ለቀማ አልቆ፣ የበልጉ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ልኩን የማውቀው መሬቱን አይቼ ነው፦ እኩለ ቀን ላይ ከቡናው ሥር የፀሐይ ነጠብጣብና ጥላ ተቀላቅለው ከታዩ ይበቃል።

ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ምት አይወርድም። መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብዬ ከታች ወደ ላይ ትንሽ በመጋዝ እገባበታለሁ፤ ቀጥሎ ከዚያ ጥቂት አልፌ ከላይ እቆርጣለሁ። ይህ ካልተደረገ ቅርንጫፉ በክብደቱ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይወርዳል። የቀረውን ጉቶ ደግሞ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ያበጠ ቀለበት ሳልነካ አነሣዋለሁ፤ ቁስሉን የሚዘጋው ያ ቀለበት ነው። ከሥሩ እንሰት ካለ ቅርንጫፉን በገመድ አስሮ ቀስ እያሉ ማውረድ ነው። እንጨቱ ለማገዶ፣ ቅጠሉ እዚያው ለቡናው።

አናቱን መቁረጥ ግን አልወድም። ፈጣን ነው፣ ጥላውም በአንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ነገር ግን ከተቆረጠው ላይ ተጨናንቆ የሚወጣው ቀንበጥ አያያዙ ደካማ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ ይገነጠላል። በዓመት ከሦስት አንድ እጅ በላይ ቅርንጫፍ መንሣትም ዛፉን ያደክመዋል።

ባሕር ዛፍ ቶሎ ገንዘብ ይሆናል የሚሉኝ አሉ፤ ይሆናል። ቡናና እንሰት አብሮ የሚያበቅልበት ጓሮ ያለው ሰው ግን ያንን በባሕር ዛፍ ቢለውጥ ኪሳራ ነው።

ዘንድሮ ብርብራ ልትተክሉ ያሰባችሁ፣ ዝናቡ እስኪገባ ጠብቁ፤ ችግኙን ከነአፈሩ አንሡት፤ ከቤቱ ግድግዳና ከመብራት ሽቦ አርቁት፤ በሁለት ብርብራ መካከልም ወደ ዐሥር ሜትር ተዉ። ማግኖሊያውንም የሚፈልግ፣ ሰፊ ግቢ ካለው፣ በበር በኩል ይትከለው።