ላንግያ፦ የንጉሠ ነገሥቱ የባሕር ዳር ተራራ

በምሥራቅ ቻይና፣ ከቺንግዳዎ ደቡብ ምዕራብ፣ በቢጫው ባሕር ዳር ላንግያ የሚባል ተራራ አለ። ከፍታው 200 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዝናው ግን የትየለሌ ነው። ቻይናን አንድ ያደረገው ንጉሠ ነገሥት ቺን ሺ ኋንግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ219 እዚህ መጥቶ ሦስት ወር ተቀመጠ። 30,000 አባወራ አሰፈረ፤ ሰፊ መድረክ አሠራ፤ ሥራውን የሚያወድስ የድንጋይ ጽሑፍም አቆመ። የድንጋዩ ቅሪት ዛሬ ቤጂንግ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ተጠብቋል።

ሹ ፉ የተባለውን ጠቢብ ያለመሞትን መድኃኒት ፍለጋ ወደ ባሕር የላከውም በዚያን ጊዜ ነው። መድኃኒቱ አልተገኘም፤ ንጉሡም በ210 ሞተ።

ላንግያን በእግር ወጥቶ ማየት የሚገባው ለዚህ ነው። ንጉሡ የገዛው ምድር እግሩ ሥር ሲያልቅ፣ ዕድሜን ከባሕሩ ማዶ የመፈለጉ ምክንያት እዚያ ለቆመ ሰው ቁልጭ ብሎ ይታየዋል።