የማሽላ ቅጠል ጓዳ

ሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሽላ ማሳ ገብቶ አንድ ቅጠል ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያየ ሰው፣ ከመሐሉ ወፍራም ሥር ግራና ቀኝ ቀጫጭን መስመሮች ተጠጋግተው ሲወርዱ ያያል። ጣርማ በር ላይ ከሚበቅለው የገብስ ቅጠል ጋር ቢያስተያየው የማሽላው ይበልጥ የተጠጋጋ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እያንዳንዱን ሥር የሕዋሳት ቀለበት ከብቦታል፤ በአንዱ ቀለበትና በጎረቤቱ መካከል አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት ሁለት ሕዋሳት ብቻ ናቸው። የቅጠሉ ጥበብ ሁሉ በዚህ መጠጋጋት ላይ የቆመ ነው።

አረንጓዴ ተክል ሁሉ ከአየር ያገኘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ስኳር የሚያስገባው ሩቢስኮ በተባለ ኢንዛይም ነው። ሩቢስኮ ከ16 የፕሮቲን ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ስምንቱ ትልልቆች ክሎሮፕላስት በተባለው የሕዋሱ አረንጓዴ ክፍል ውስጥ ባለው ዲኤንኤ መሠረት እዚያው ይሠራሉ፤ ስምንቱ ትንንሾች ግን የሚታዘዙት ከኒውክሊየሱ ነው፤ ውጭ ተሠርተው ገብተው ይገጥማሉ። ይህን ያህል የተደከመበት ሥራ ሆኖ ሳለ ግን ቀርፋፋ ነው፤ አንዱ የሥራ ቦታ በሰከንድ ሦስት ያህል ሞለኪውል ቢይዝ ነው። ይባስ ብሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከኦክስጅን አጥርቶ አይለይም። በአየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ መሳሳቱ አይቀርም። በተሳሳተ ቁጥር ተክሉ ጉልበት ይከፍላል፣ ቀድሞ ከያዘው ካርቦንም ያጣል። ሙቀት ሲጨምር ስሕተቱ ይበዛል። ሸዋ ሮቢት ያለችበት የይፋት ቆላ ደግሞ ሙቀት አያጣም።

ማሽላ ሩቢስኮን እንደ አዲስ አልሠራውም፤ ጓዳ ሠራለት። ሥሩን የከበበው ቀለበት ጓዳው ነው፤ ከእሱ ውጭ ያሉት ሕዋሳት እልፍኙ ናቸው። ከውጭ የመጣውን አየር እልፍኙ ውስጥ የሚቀበለው ፔፕ ካርቦክሲሌዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ነው። ይህ የሚይዘው ጋዙን ሳይሆን በውኃ ተለውጦ ባይካርቦኔት የሆነውን ስለሆነ ኦክስጅን አያሳስተውም። የያዘው ካርቦን ማሌት ወደሚባል ባለ አራት ካርቦን አሲድ ይለወጥና በቀጫጭን ቀዳዳዎች ወደ ጓዳው ያልፋል። እዚያ ሌላ ኢንዛይም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቅቀዋል፤ ሩቢስኮ ከውጭው በብዙ እጥፍ በበለጠ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተከብቦ ይሠራል። ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው የሚከተለውን ነው፦ ብርሃን ተቀብሎ ውኃን የሚሰነጥቀውና ኦክስጅን የሚያወጣው መሣሪያ በጓዳው ክሎሮፕላስት ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። የሚያሳስተው ነገር ከውስጥ እንኳ እንዳይመነጭ ታስቦበታል ያሰኛል።

የጓዳውና የእልፍኙ ሕዋሳት የያዙት ዲኤንኤ አንድ ነው፤ 10 ጥንድ ክሮሞሶምና እ.ኤ.አ. በ2009 ተነብቦ የታተመው 730 ሚሊዮን ያህል ፊደል። የሚለያዩት የትኛው ጂን እንደሚሠራና የትኛው ዝም እንደሚል ነው። እልፍኙ ውስጥ የፔፕ ካርቦክሲሌዝ ጂን በብዛት ይሠራል፣ የሩቢስኮ ትንሽ ክፍል ጂን ጸጥ ይላል፤ ጓዳው ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ማሽላ ለዚህ ሥራ የተጠቀመባቸው ጂኖች አብዛኞቹ ድሮም በሌሎች ዕፅዋት ውስጥ የነበሩ ናቸው። የሚሠሩበት ቦታና መጠን ተለወጠ፤ ፕሮቲኑም እዚህም እዚያም ተስተካከለ።

ፔፕ ካርቦክሲሌዝን ቀረብ ብለን እንየው። የተሠራው ከአራት ሰንሰለቶች ነው፤ እያንዳንዱ ከ900 በላይ አሚኖ አሲዶች አሉት። ከመነሻው ስምንተኛው ሴሪን የተባለው ነው። ጎሕ ቀዶ ብርሃን ሲበረታ ቅጠሉ አንድ ኢንዛይም አዲስ ያመርታል፤ ሥራው በዚያች ስምንተኛ ሴሪን ላይ ፎስፌት መለጠፍ ነው። ማሌት ሲጠራቀም ፔፕ ካርቦክሲሌዝን ያግደዋል፤ ፎስፌት የተለጠፈበት ግን እገዳውን ይቋቋማል፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ሲጨልም ለጣፊው ኢንዛይም ይጠፋል፣ ፎስፌቱ ይነሣል፣ ሥራው ይቀዘቅዛል። ከዘጠኝ መቶ ከሚበልጡ አሚኖ አሲዶች አንዷ የቅጠሉን ውሎ ትቆጣጠራለች።

ካርቦን ወደ ጓዳው የሚገባበትን ይህን መንገድ ሳይንስ የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ኮርቻክና ባልደረቦቹ ሃዋይ ውስጥ በሸንኮራ አገዳ ላይ ያዩትን በ1965 አሳተሙ፤ ወዲያው አውስትራሊያ ውስጥ ሃችና ስላክ መንገዱን ፈትተው አሳዩ።

ይህ መንገድ ዋጋም አለው። ለእያንዳንዱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሽላው የሕዋስ የጉልበት ገንዘብ ከሆነው ከኤቲፒ ሁለት ተጨማሪ ይከፍላል። ጣርማ በር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ብርድ፣ የሩቢስኮ ስሕተት ራሱ አነስተኛ ስለሆነ ያ ወጪ አይካካስም፤ የገብስ ቀላል ቅጠል ለዚያ አገር በቂ ነው። ጤፍ ግን እንደ ማሽላ ጓዳ ያለው ነው።

ጓዳው ቢኖርም ክረምቱ ቀድሞ ሲወጣ ቅጠሉ ይደርቃል፤ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። በዓለም ያሉ የማሽላ አዳቃዮች ለዚህ ሲሉ በድርቅም አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ቅጠል ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ቢ35 የተባለ ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ ነባር ማሽላ ነው። ጥናት እንዳሳየው ይህን ባሕርይ የሚያወርሱት የዘር ክፍሎች ተክሉን ቀድመው ይቆጥቡታል፤ ቅርንጫፉን ያሳንሳሉ፣ ከአበባ በፊት የሚጠጣው ውኃ ይቀንሳል፣ የተረፈው እርጥበት ፍሬው እስኪሞላ አፈሩ ውስጥ ይቆያል።