ለዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ምን ልብ ወለድ እንስጠው?

ባለፈው ክረምት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ለሚማሩ የሰፈራችን ልጆች የሚነበብ የአማርኛ ልብ ወለድ እንድንመርጥ ተጠይቀን ነበር። ነገሩ ቀላል መስሎን እሺ አልን፤ መደርደሪያው ፊት ስንቆም ግን እጃችን ባዶውን ቀረ። ከወዲህ የእንስሳት ተረት አለ፤ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ «ይህ ለታናሽ እኅቴ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ከወዲያ የዐዋቂ ልብ ወለድ አለ፤ እርሱም ወይ ይረዝምበታል፥ ወይ የሰዎቹ ጭንቀት ገና አይገባውም። መምህራኖቻችን ቢፈቅዱልን፥ የችግሩ ምክንያት ለእኛ እንደሚታየን እንዲህ ነው፤ ደራሲዎቻችን ስለ ወጣት ብዙ ጽፈዋል፤ ለወጣት የጻፉት ግን ጥቂት ነው።

የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «አዲስ ዓለም» (1925 ዓ.ም.) እንመልከት። ባለታሪኩ በፓሪስ ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው፤ በአባቱ ተዝካር ምክንያት ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። ጠቡ እውነተኛ ጠብ ነው፤ ዛሬም በየቤቱ አለ። ዳሩ ግን የልጁ ስም ዐወቀ ነው፤ አስቀድሞ ያወቀ ልጅ ምን ሲማር እናያለን? የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ»ም (1941 ዓ.ም.) እንዲሁ ገና ከስሙ ጀምሮ አርአያ ነው። ሁለቱም ለታሪካችን የከበሩ መጻሕፍት መሆናቸውን አንክድም። ሆኖም ልጅ ምክር የሚሰማው ከአባቱም፥ ከመምህሩም፥ ከንስሐ አባቱም ነው፤ ለአራተኛ መካሪ ብሎ መጽሐፍ አይገልጥም።

እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን «የሀብት ደሴት»ን በተቃለለ እንግሊዝኛ፥ መዝገበ ቃላት በጭናችን ላይ አድርገን አንብበናል። ስቲቨንሰን ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1881 ሲጀምር የመጀመሪያ አድማጩ ገና ልጅ የነበረው የእንጀራ ልጁ ነበር። ጂም ፖም አምሮት በርሜል ውስጥ ይገባል፤ በዚያም ሳለ የመርከበኞቹን ሤራ ይሰማል። ጥበብ አልነበረውም፤ ፖም አምሮት ብቻ ነበር። ልጁን አንባቢ የያዘው ይህ ነው፤ «እኔም ብሆን እገባ ነበር» ይላልና።

እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ የለም ብለን ልንደመድም ስንል ያገኘነው፥ የሚያስገርመው፥ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፥ ሰው ሁሉ «ጦቢያ» የሚለው፥ መንታ ወንድምና እኅት አሉበት፤ የአባታቸውን ባለውለታ ፍለጋ የወጣው ዋሕድ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል፤ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። መጽሐፉ ከዚህ ሌላ አጭር ነው! ቋንቋው ግን ለዛሬ ልጅ ከባድ መሆኑን መደበቅ አይገባም። ለብቻው አንብብ ብሎ የተሰጠው አንድ ልጅ በሦስተኛው ቀን መለሰልን። ከዚህ በኋላ ዘዴ ለውጠን፥ የጦርነቱን ሐተታ እየዘለልን፥ ማታ ማታ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብንላቸው። (መዝለላችንን የሥነ ጽሑፍ መምህራኖቻችን ይቅር ይበሉን።) ጦቢያ ወንድ መስላ በወጣችበት ማታ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ም (1958 ዓ.ም.) በጆሮ የሚገባ መጽሐፍ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ሰምቶታል። ለልጆች ግን ከሰብለ ወንጌል ፍቅር አንጀምርላቸው። ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን በተሳሉት በበዛብህ ልጅነት ላይ እንቁም። ሳይጠየቅ በስሙ የተገባውን ስእለት ልጁ እንዴት ይክፈል? ይህ ጥያቄ፥ አባቱ «ሐኪም ትሆናለህ» ያለው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ጥያቄ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁም መልሱን በስብከት አላቀረቡትም።

ማሞ ውድነህ የተረጐሟቸውን የስለላ ታሪኮች ከመዝገባችን እናውጣ የሚል ጓደኛ ነበረን፤ «ቁም ነገር የላቸውም» በማለት። አላወጣናቸውም። እኛ ራሳችን በመኝታ ቤታችን ብርድ ልብስ ተከናንበን ያነበብናቸው እነዚህን ነበር፤ ወፍራም መጽሐፍ መጨረስ እንደምንችል ያወቅንባቸውም እነርሱ ናቸው።

ሦስት መጻሕፍት ብለን ያስመዘገብነው እንግዲህ ይህ ነው፤ «ጦቢያ» በንባብ፥ የበዛብህ ልጅነት፥ ከስለላዎቹም አንዱ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ስለ ጦቢያ ሁለተኛ መጽሐፍ እንዳለ ጠየቀችን። የለም ስንላት፥ «ታዲያ ለምን አትጽፉም?» አለችን፤ ደብተሯንም ይዛ ሄደች።