ቀይዋ መስመር

ጤና ኬላ ውስጥ ትኩሳት የያዘው ልጅ ሲመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የታሸገ ከረጢት ትቀድና ከአመልካች ጣት ብዙም የማይረዝም ነጭ ፕላስቲክ ታወጣለች። አርዲቲ ይሉታል፤ ፈጣን የወባ መመርመሪያ ነው። የልጁን ጣት ትወጋለች፣ ጥቂት ደም ታስገባለች፣ ፈሳሽ ታንጠባጥባለች፣ ከዚያ ሰዓቷን እያየች ትጠብቃለች። በመመርመሪያው መስኮት ላይ፣ ለወባ በተመደበው ቦታ፣ ቀይ መስመር ብቅ ካለ ወባ ነው፤ መድኃኒቱም እዚያው ይጀመራል። መስመሯን ያቀላው ግን የልጁ ደም አይደለም፤ የጨርቅ ማቅለሚያም አይደለም። በአብዛኞቹ መመርመሪያዎች ላይ ያቺ መስመር ወርቅ ናት።

ናኖ ቴክኖሎጂ፣ የአካባቢ ሳይንስና የኅብረተሰብ ጤና በአንድ የዩኒቨርሲቲ አውደ ጥናት ላይ አብረው ሲጠሩ «ምን አገናኛቸው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ ጥያቄ ረጅም ንግግር ከማድረግ ይልቅ ይህን ፕላስቲክ በቢላ ከፍቶ ማሳየት ይሻላል ባይ ነኝ። ሦስቱም እዚያ ውስጥ በሥራ ተገናኝተዋል። ሥራው ደግሞ እንደ ማንኛውም ጥሩ የእጅ ሥራ ቀረብ ብለው ሲያዩት ይበልጥ የሚያምር ነው።

ከወርቁ እንጀምር። በናኖ አውደ ጥናቶች የተግባር ሰዓት ደጋግሞ የሚሠራው ሙከራ ጆን ተርኬቪችና ባልደረቦቹ በ1951 ያስተዋወቁት ዘዴ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እጅግ ጥቂት የወርቅ ጨው በንጹሕ ውሃ ይሟሟና እየተማሰለ ይፈላል። መልኩ ፈዛዛ ቢጫ ነው። በደንብ ሲፈላ ሲትሬት ይጨመርበታል፤ ሎሚን ከሚያኮመጥጠው አሲድ የሚገኝ ጨው ነው። ቢጫው ይጠፋና ፈሳሹ ተራ ውሃ ይመስላል። ጀማሪ እዚህ ላይ የተበላሸ መስሎት ይደነግጣል፤ የለመደ ሰው ዝም ብሎ ያማስላል። ትንሽ ቆይቶ ግራጫ ጥላ ያጠላበታል፣ ይጠቁራል፣ ወደ ሐምራዊ ይዞራል፣ በመጨረሻም የጠራ ቀይ ሆኖ ይረጋል። ነገሩ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

የሥራው ጥራት የሚወሰነው ግን ውሃው ከመፍላቱ በፊት ነው። ብርጭቆው በአኳ ሬጂያ ይታጠባል፤ የሃይድሮክሎሪክና የናይትሪክ አሲድ ድብልቅ ነው፣ ወርቅን ራሱን የሚያሟሟ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይለቀለቃል። ከትናንት ሥራ የተረፈች አንዲት ቅንጣት ግድግዳው ላይ ከቀረች አዲሱ ወርቅ እሷ ላይ እየተለጠፈ መጠኑ ይዘበራረቃል። ሲትሬቱም እየተቆጠበ አይንጠባጠብም፤ ባንድ ጊዜ ይገባል። ቅንጣቶቹ እኩል እንዲያድጉ እኩል መወለድ አለባቸው። ፍሬንስ የተባለ ተመራማሪ በ1973 እንዳሳየው ደግሞ የሲትሬቱን መጠን መቀነስ ቅንጣቶቹን ያተልቃል። ለመመርመሪያው ብዙ ጊዜ የሚመረጠው 40 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ከዚህ ካነሰ ቀለሙ ይደክማል፤ እጅግ ከተለቀ ይዘቅጣል፣ በወረቀቱ ቀዳዳዎችም እንደ ልብ አይፈስም። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ከዳር እስከ ዳር 7,000 ናኖ ሜትር ገደማ ስለሆነ ወገቡ ላይ ከ170 በላይ የወርቅ ቅንጣቶች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ።

ይህን ቀይ ወርቅ አስቀድሞ በጥንቃቄ የመረመረው ማይክል ፋራዳይ ነበር። በ1857 ባቀረበው ጥናት ቀዩ ፈሳሽ ሌላ ሳይሆን እጅግ የደቀቀ ወርቅ መሆኑን አስረዳ፤ የብርሃን ጨረር አሳልፎበት መንገዱ ሲያበራም አየ። ከሠራቸው ጠርሙሶች የተረፉት ለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ይገኛሉ፤ ዛሬም ቀይ ናቸው። ፋራዳይ ግን የተጠቀመው በካርቦን ዳይሰልፋይድ የሟሟ ፎስፈረስ ነው፤ አንዱ በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ ሌላው መርዝ። ዛሬ ተማሪው ያንኑ ቀይ የሚያገኘው በውሃና በሲትሬት ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ በቤተ ሙከራ ውስጥ የሚነገር ንግግር ሁሉ ከዚህ ምሳሌ ቢጀምር ደስ ይለኛል። መርዙ ከተፈጠረ በኋላ እንዴት እናስወግደው ከማለት፣ ከመጀመሪያው ሳይገባ ሥራውን መሥራት ከፍ ያለ ሙያ ነው።

ወርቁ ብቻውን ወባን አያውቅም። የወባ ተውሳክ ደም ውስጥ የሚለቀውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ሊለብስ ይገባዋል። በቂ መልበሱ የሚታወቅበት ፈተና ከሥራው ሁሉ የምወደው ነው። በተርታ የተደረደሩ ትንንሽ ቱቦዎች ውስጥ እኩል ወርቅ ይደረጋል፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ግን ከቱቦ ቱቦ እየጨመረ ይሄዳል። ከዚያ በሁሉም ላይ የገበታ ጨው ብጥብጥ ይጨመራል። ጨው እርቃኑን የቀረ ወርቅ ሲያገኝ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ የተጣበቁ ቅንጣቶች የሚውጡት የብርሃን ዓይነት ስለሚለወጥ ቀዩ ወዲያው ሰማያዊ ይሆናል። በደንብ የለበሰው ግን ቀይ እንደሆነ ይቀራል። ሰማያዊው አልቆ ቀዩ የሚጀምርበት ቱቦ ልኩን ይናገራል። ምንም ውድ መሣሪያ የለም፤ ዓይን፣ ጨውና ትዕግሥት ብቻ። ጠንቃቃ ባለሙያ ከዚያ ልክ ጥቂት ጨመር አድርጎ ይሠራል፣ ምክንያቱም መመርመሪያው ገና ብዙ መንገድ ይጠብቀዋል።

አሁን ፕላስቲኩን እንክፈት። ውስጡ ያለው በስፋቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር የማይርቅ ስስ ጭረት ነው፤ አራት ዓይነት ነገር ተደራርቦ የተለጠፈበት። ደሙና ፈሳሹ የሚያርፍበት አንዱ ነው። ቀጥሎ ያለው የመስታወት ክሮች ምንጣፍ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካል የለበሰው ወርቅ እዚህ ላይ ደርቆ ይተኛል። ሲደርቅ ስኳር አብሮት አለ። ስኳሩ ፕሮቲኑ ደርቆ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል፤ ፈሳሽ ሲነካው ደግሞ ቶሎ ሟሙቶ ወርቁን ይለቀዋል። ሦስተኛው ነጩ የናይትሮሴሉሎስ ወረቀት ነው፤ መስመሮቹ የሚታዩት በእሱ ላይ ነው። መጨረሻው ላይ ፈሳሹን የሚጠጣ ወፍራም መምጠጫ አለ። አንዱ በሌላው ላይ የሚደረበው በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ መደረቡ ከሳተ ፈሳሹ ድንበሩ ላይ ይቆማል፣ መመርመሪያውም ዲዳ ይሆናል።

መስመሮቹ ከመመርመሩ በፊትም እዚያው አሉ፤ አይታዩም እንጂ። አንደኛዋ ላይ የተተከለው የወባውን ፕሮቲን የሚይዝ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ፕሮቲኑ ወርቁን ተሸክሞ ሲደርስ ያስቀረዋል፣ ወርቁም ሲከማች መስመሯ ትቀላለች። መቆጣጠሪያዋ መስመር ግን የምትይዘው ወባውን ሳይሆን ወርቁ የለበሰውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ስለዚህ የእሷ መቅላት «ታማሚው ደህና ነው» አይልም፤ «ፈሳሹ እስከዚህ ደርሷል፣ መመርመሪያው ሠርቷል» ነው የሚለው። እሷ ካልወጣች ሌላው ሁሉ አይታመንም። አንድ ዕቃ የራሱን ውድቀት ራሱ እንዲናገር አድርጎ መሥራት ትልቅ ጨዋነት ነው።

የተጠቃሚዋም እጅ ከሠሪው እጅ አያንስም። የሚፈለገው ደም ብዙውን ጊዜ 5 ማይክሮ ሊትር ነው፤ የአንድ ጠብታ አንድ አሥረኛ ገደማ። ጣቱን የጠረገው አልኮል ሳይደርቅ አይወጋም። የፈሳሹ ጠርሙስ ቀጥ ብሎ ይያዛል፤ ካዘነበለ የጠብታው መጠን ይለወጣል። ውጤቱ በመመሪያው ላይ ከተጻፈው ሰዓት በፊት አይነበብም፣ ከሰዓቱ አልፎም አይነበብም፤ ጭረቱ ሲደርቅ ፈሳሹ ወደ ኋላ ተመልሶ የሐሰት መስመር ሊያወጣ ይችላል። ደብዛዛ መስመርም መስመር ነው። መርፌው ወዲያው ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይገባል። እነዚህን ሁሉ በየቀኑ፣ ወረፋው በር ላይ ቆሞ፣ ሳታዛንፍ የምትሠራ ሴት የዚህ ወርቅ የመጨረሻዋ አንጥረኛ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህ ሁሉ ጥበብ ታዲያ ሊታለል ይችላል። ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ተውሳክ የሚለዩ መመርመሪያዎች በአብዛኛው የሚያድኑት ኤችአርፒ-2 የተባለውን ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደላቸው ተውሳኮች በ2010 በፔሩ ተዘገቡ፤ በኋላም በእኛ ቀጠና በኤርትራ ተገኙ። በ2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2021 ሲታተም፣ በጂኑ መጉደል ምክንያት ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶ ያህሉ በዚህ ዓይነት መመርመሪያ ሊያመልጡ እንደሚችሉ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው ይቀየር የሚለው መጠኑ 5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ወርቁ ደህና ነው፣ ጭረቱ ደህና ነው፣ የባለሙያዋ እጅ ደህና ነው፤ የሚታደነው ግን ምልክቱን ጥሎ ያልፋል። መልሱ ተውሳኩ ያለ እሱ የማይኖርበትን ሌላ ፕሮቲን፣ ኤልዲኤች የተባለውን፣ የሚይዝ መስመር መትከል ነው፤ ያም የራሱን ልክና የራሱን ድካም ይጠይቃል።

አካባቢውም ዝም ብሎ አይጠብቅም። ከእስያ የመጣችው የወባ ትንኝ፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ፣ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ቀብሪ ደሐር ላይ ነው። በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች፤ በ2022 በድሬዳዋ ከተነሳው ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። ወባ የገጠርና የክረምት ማግስት በሽታ ብቻ ነው ብለን የለመድነውን አስተሳሰብ ይህች ትንኝ ትፈትነዋለች። የከተማው የውሃ ጉዳይ፣ የተውሳኩ ጂንና የወርቁ ጭረት አንድ ጠረጴዛ ላይ መቅረብ ያለባቸው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አውደ ጥናት ለምታዘጋጁ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። ከስላይዱ ግማሹን ቀንሱና ግማሽ ቀኑን ለእጅ ስጡ። ተሳታፊው ሁሉ ብርጭቆውን ራሱ ይጠብ፣ ወርቁን ራሱ ያፍላ፣ ጨው ጨምሮ ሰማያዊ ሲሆን በዓይኑ ይይ። ቀኑ ያለፈበት መመርመሪያ ይከፈትለትና ጭረቱን በጣቱ ይንካ። ከጤና ኬላ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጥሩና ከኬሚስቱ አጠገብ፣ በአሠልጣኝ ወንበር፣ አስቀምጧት። ጭረቱ በሙቀትና በወረፋ መካከል ምን እንደሚሆን ከእሷ የተሻለ የሚያስተምራችሁ የለም።