ከማጅራት እስከ አንጀት ጫፍ

ልጅ ሳለሁ ጎንደር ውስጥ ለፋሲካ በግ ሲታረድ ከገበቴው ዳር አልጠፋም ነበር። የምጠብቀው ሥጋውን አይደለም፤ አንጀቱን ነው። ከሆድ ወጥቶ፣ ከበጉ ተለይቶ፣ ሙቀቱ ሳይለቀው ገና ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ጭብጥ ይላል፣ ከፊቱ ያለው ላላ ይልለታል፣ ጭብጡም ቀስ እያለ ወደፊት ይሳባል። እናቴን «አልሞተም እንዴ?» ብላት «ነፍሱ ገና አልለቀቀችውም» አለችኝና ውኃ አፍስሳበት ማጠቧን ቀጠለች።

ያ ነገር ምን እንደነበር ለመረዳት ብዙ ዓመት ወሰደብኝ። አንጀት ከአንጎል ትእዛዝ ሳይጠብቅ የሚሠራበት የራሱ ነርቭ አለው። ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1899 ለንደን ላይ ከውጭ ወደ ውሻ አንጀት የሚገቡትን ነርቮች ቆርጠው አይተውታል፤ አንጀቱ የያዘውን ነገር ከኋላው እየጨበጠ፣ ከፊቱ እየላላ መግፋቱን አልተወም። ሥራውን የሚመራው በግድግዳው ውስጥ የተቀበረ፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳት ያሉበት መረብ ነው። ወደ ውስጥ ጠለቅ ያለውን መረብ ጌኦርግ ማይስነር በ1857፣ በሁለቱ የጡንቻ ድርቦች መካከል የተዘረጋውን ደግሞ ሌኦፖልድ አውርባክ በ1862 ገለጹት።

የአውርባክን መረብ ጡንቻውን ገልጦ፣ ቀለም አጠጥቶ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው በብራና መጽሐፍ ራስጌ የሚሣለው ሐረግ ትዝ ይለዋል። ቋጠሮ አለ፤ ከቋጠሮው ክር ይወጣል፤ ክሩ ሄዶ ሌላ ቋጠሮ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ይቀጥላል፣ እስከ ፊንጢጣ ድረስ አይቋረጥም። ሐረግ የሚጥለው ሰው ግን ብራናውን ፍቆና አስምሮ ነው የሚጀምረው። እዚህ ያሰመረ የለም። ሠሪዎቹ ከሩቅ አገር መጥተው፣ በእግራቸው ሥር እየረዘመ በሚሄድ መንገድ ላይ እየተጓዙ የሠሩት ነው።

ሠሪዎቹ ሕዋሳት የሚነሡት ከማጅራት ነው። ፅንሱ ከሩዝ ፍሬ በማይበልጥበት ጊዜ የጀርባው ሽፋን ተጠቅልሎ ወደፊት አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነውን ቱቦ ይሠራል። በቱቦው አናት ላይ ሸንተረር የመሰለ ጠርዝ ይታያል፤ በሕክምናው ቋንቋ ኒውራል ክሬስት ይባላል። ቪልሄልም ሂስ በ1868 በጫጩት ፅንስ ላይ አየው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ይህን ሳነብ ልቤ ደስ ይለዋል፤ ጎንደር ላይ ሐኪም ማሠልጠን እ.ኤ.አ. በ1978 ሲጀመር አጋር የሆነው ያው የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ነበርና፤ በዚያ ዘመን ካርል ማርክስ ይባል ነበር።

ሸንተረሩና አንጀቱ መገናኘታቸው የተረጋገጠው ግን በሌላ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በተከፈተበት ዓመት፣ ኢንተማና ሃሞንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ከጫጩት ፅንስ ማጅራት ላይ ሸንተረሩን ቆርጠው ቢያወጡት አንጀቱ ያለ ነርቭ ሕዋስ ቀረ። ቀጥሎ ፈረንሳዊቷ ኒኮል ለ ዱዋረን መጣች። የድርጭት ሕዋስ በኒውክለሱ ውስጥ የዶሮ ሕዋስ የሌለው ጥቁር ነጥብ እንዳለው አስተዋለች። ስለዚህ የድርጭትን ሸንተረር በጫጩቱ ቦታ ተከለች፤ ቀናት ጠብቃ አንጀቱን ስትመረምር ነጥብ ያላቸው ሕዋሳት ከላይ እስከ ታች ሰፍረው አገኘቻቸው። እንግዳን በምልክቱ ማወቅ ነው። ከዚህ ዘዴ የጠራ ሙከራ በፅንስ ጥናት ውስጥ አላውቅም።

በሰው ፅንስ ተጓዦቹ በ4ኛው ሳምንት በአንጀቱ ላይኛው በር ይገባሉ፤ በ7ኛው ሳምንት ጫፍ ይደርሳሉ። ከታች፣ ከዳሌ አካባቢ ተነሥተው የሚያግዟቸው ጥቂቶችም አሉ። የሚሄዱት እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ነው። በአይጥ ፅንስ ሲለካ አንዲት ሚሊሜትር ለመጓዝ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል። ያን ጊዜ አንጀቱም አርፎ አይቀመጥም፤ ሆዱ ስለሚጠብበው ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ እትብቱ ውስጥ ወጥቶ ይጠመዘዛል፣ በ10ኛው ሳምንት አካባቢ ተመልሶ ይገባል።

ከደባርቅ ወደ ታች የሊማሊሞን መንገድ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ይገምታል። መኪናው በየመታጠፊያው ሲዞር እግረኛው አቋራጩን ይዞ ይወርድና ከታች ቆሞ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 በጃፓን ኮቤ ያሉ ተመራማሪዎች በአይጥ ፅንስ ያሳዩት ይኸው ነው፦ አንጀቱ በታጠፈበት ሰዓት ትንሹና ትልቁ አንጀት ጎን ለጎን ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ ሕዋሳት ዙሪያውን መሄዱን ትተው በመካከል ባለው ስስ ሽፋን ይሻገራሉ። የትልቁ አንጀት ነርቭ ብዙው ክፍል የሚወለደው ከነዚህ ተሻጋሪዎች ነው።

ማን ይጠራቸዋል? ጂዲኤንኤፍ የሚባል ፕሮቲን ነው። መጀመሪያ ከጨጓራው፣ ቀጥሎ ከትልቁ አንጀት መነሻ ይፈልቃል፤ ሕዋሳቱ አር ኢ ቲ በተባለው ተቀባይ ይሰሙታል። ኢንዶቴሊን 3 የሚባለው ደግሞ ሌላ ሥራ አለው፤ ሕዋሱ ጊዜው ሳይደርስ ነርቭ ሆኖ እንዳይሰፍር ይይዘዋል። የሥራው ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። የደረሱበትን ቦታ ሁሉ ሰው እያሰፈሩ መሄድ አለባቸው፤ ነገር ግን ያሰፈሩትን ያህል በመንገድ ላይ ካልተባዙ ለመጨረሻዋ ስንዝር የሚተርፍ አይኖርም። ቀድሞ ማረፍም ጥፋት ነው፣ ሳያሳርፉ ማለፍም ጥፋት ነው።

የአሠራሩም ቅደም ተከተል ያስደንቃል። ከጡንቻዎቹ ቀድሞ የሚፈጠረው አንጀቱን እንደ ቀለበት የሚከበው ነው። ሕዋሳቱ ከእሱ ውጭ ይሰፍራሉ፤ ርዝመቱን ተከትሎ የሚሄደው ጡንቻ በላያቸው የሚደረበው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ መረቡ በሁለቱ መካከል ይቀራል፣ ሁለቱንም ያዛል። ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ወደ ውስጥ ዘልቀው የማይስነርን መረብ ይሠራሉ። በ14ኛው ሳምንት የግድግዳው ድርብርብ የአዋቂ ሰው መልክ ይዟል። ሕፃኑም የሽርት ውኃ መዋጥ ጀምሯል። የአገራችን እናቶች አንጀቱ ይለስልስ ብለው ለአራስ ልጅ ቅቤ ያልሱ ነበር፤ የጤና ባለሙያዎች ጡት ብቻ ይበቃዋል የሚሉት እውነታቸውን ነው፤ ያ አንጀት ሲለማመድ ወራት አልፈውታል።

ከ5,000 ሕፃናት በአንዱ ግን ተጓዦቹ ሳይደርሱ ይቀራሉ። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው መጨረሻው ብቻ ነው፤ አብዛኛው ተሠርቷል፣ ጫፉ ባዶ ነው። ባዶው ክፍል ስለማይላላ እንደተጨበጠ ይቀራል፤ ከበላዩ ያለው ጤነኛ አንጀት ይነፋል። ኮፐንሃገናዊው የሕፃናት ሐኪም ሃራልድ ሂርሽፕሩንግ በ1886 በርሊን ላይ የሁለት ሕፃናትን ታሪክ አቀረበ፤ በሽታው በስሙ ይጠራል። እሱ ግን የተነፋውን ነበር ያየው። ባዶው ቦታ የበሽታው ሥር መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው። አንዳንዱ ሕፃን ደግሞ ግንባሩ ላይ ነጭ ጠጉር ይዞ ይወለዳል፤ የቆዳንና የጠጉርን ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ከዚያው ሸንተረር ስለሚነሡ ነው።

በጊዜያቸው የተወለዱ ጤነኛ ሕፃናት ሁሉም ለማለት ይቻላል በ48 ሰዓት ውስጥ ጥቁር አረንጓዴውን የመጀመሪያ ዓይነ ምድር ያወጣሉ። ያ ሰዓት ሲያልፍ ልብ የሚል ሰው ያስፈልጋል። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ተራራ ሆዱ የተነፋ ልጅ ታቅፋ እስከ ሆስፒታል የምትወርድ እናት ብዙ ቀን፣ አንዳንዴም ወራት አልፎባት ይሆናል።

ኦርቫር ስዌንሰን በ1948 ቦስተን ላይ ያስተዋወቀው ቀዶ ሕክምና ሐሳቡ አጭር ነው፦ ባዶውን ቆርጦ ማውጣት፣ ነርቭ ያለውን ወደ ታች ጎትቶ መስፋት። ጭንቁ የት ላይ እንደሚቆረጥ ማወቁ ነው። አንጀቱ ከውጭ ሲታይ ድንበሩን አይናገርም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ከግድግዳው ጥፍር የማታህል ቁራጭ ይወስዳል። ቁራጯ ተከትፋ፣ ቀለም ጠጥታ መስታወት ላይ ትዘረጋለች። የሚያያት ሰው በሁለቱ ጡንቻዎች መካከል ያለውን ስስ መስመር ይዞ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ጡንቻ፣ ወፍራም የነርቭ ክር፣ ጡንቻ። የለም። ወደ ላይ ከፍ ተብሎ ሌላ ቁራጭ ይመጣል። ጡንቻ፣ ክር፣ ከዚያ አንዲት ትልቅ፣ ፈዘዝ ያለች፣ መካከሏ ላይ ጥርት ያለ ነጥብ ያላት ሕዋስ፤ አጠገቧም ሁለት እህቶቿ። ከማጅራት ተነሥተው እስከዚያ ደርሰዋል። ቀዶ ሐኪሙ ከዚያ በላይ ይቆርጣል።